ለጫልቱ የተላከው ሻንጣ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ። በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ስናዘዝ ይህችን አንዷን ዋጥ አድርጌ እመለስ ነበር። ዛሬ ልናገራት ነው። የምታነቡኝ ፍረዱብኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

እኔ ብርቄ የሰው አደራ በልቻለሁ። የበላሁት ደግሞ የሟች ልብስ ነው። የሰጡኝም በዚህ ዓለም ላይ ከማንም በላይ ደግ የዋሉልኝ ሴት ናቸው።

እትዬ ዘሀራ አዳማ ውስጥ አጥር ለአጥር ሆነን የኖርን ጎረቤቴ ነበሩ። አገራቸው ወሎ ነው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንዲት ልጃቸውን ሀያትን ይዘው ነው የኖሩት። የእኔ ባል የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ሞጆ መንገድ ላይ ተገልብጦ ሲሞትብኝ ልጄ ቤዛ ገና ሕፃን ናት። ያን ጊዜ ቤቴን ቀጥ አድርገው የያዙት እትዬ ዘሀራ ናቸው። የሁዳዴ ጾም ነበር። ሥጋ የነካው ዕቃ እንዳይሆንብኝ ብለው አዲስ ድስት ገዝተው፣ በዚያ ብቻ ሽሮ እየሠሩ እስከ አርባው ድረስ አመላለሱልኝ። ለአረፋ በግ ሲያርዱም አይረሱኝም። የእነሱን እርድ እንደማልበላ ያውቃሉና ዶሮ ከነነፍሷ ይዘው ይመጡና «እንቺ፣ በሃይማኖትሽ አሳርጂ» ይሉኛል። እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ይህን የምናገረው ማንን እንደበደልኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ሀያት ነርስ ነበረች። በሃያ አራት ዓመቷ ኩላሊቷን ታመመችና በአምስት ወር ውስጥ አለቀች። እትዬ ዘሀራ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ የልጃቸውን ክፍል አልከፈቱም። አንድ ቀን ጠዋት ግን በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። ስገባ ልብሶቿን አልጋው ላይ ደርድረው ቆመዋል። ሁሉም ታጥቧል፣ ተተኩሷል። ወፍራም ቡናማ ሹራብ፣ ሦስት ጉርድ፣ ሸሚዞች፣ ሀያት አንድ ቀን እንኳ ያላደረገችው ጥቁር ጫማ ከነካርቶኑ። የሹራቡ አንድ ቁልፍ ጠፍቶ ኖሮ፣ የሚመስለውን ፍለጋ ሁለት ቀን ገበያ ለገበያ ዞረዋል።

«ያቺ እናት የሌላት ልጅ፣ ነገሌ ያለችው፣ ቁመቷ የሀያትን ያህላል?» አሉኝ።

ጫልቱን ማለታቸው ነው። አርሲ ነገሌ እህል የምትነግድ እህት አለችኝ። ጫልቱ የእህቴ ጎረቤት ናት፤ እናትና አባቷ ሞተውባት አጎቷ ቤት ትኖራለች። ክረምት ላይ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ አይቻት ነበር። ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ረዘም ያለች፣ የዩኒፎርሟ እጅጌ ክርኗ ላይ የቀረ። ለእትዬ ዘሀራ ይህን ያወራሁላቸው እንዲሁ ለወሬ ያህል ነበር። እሳቸው ግን ይዘውታል።

«ያህላል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ለሷ አድርሺልኝ። ነገሌ ብርድ ነው፤ ሹራቡ ይሆናታል። እዚህ ሰፈር ግን ለማንም እንዳትሰጪብኝ ብርቄ። መንገድ ላይ ሌላ ሰው ለብሶት ባይ ልጄ መስላኝ እጣራለሁ።»

ሻንጣውን ራሳቸው ዘጉት። እኔ ተሸክሜ ወጣሁ።

ቤዛ በዚያው ሰሞን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ደርሷት ነበር። የቀሯት ዐሥር ቀናት ናቸው። እኔ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ፤ ልጄ ያሏት ሁለት ቀሚሶች ናቸው፣ አንዱም ብብቱ ላይ የተተረተረ። ሻንጣውን የከፈትኩት ለማየት ብቻ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ለማየት ብቻ ከሆነ ታዲያ ጫማውን ከቤዛ ጫማ ጋር ምን አስለካኝ? ልክ ሆነ። እንዳይሆን ፈልጌ ነበር? አልፈለግሁም። እንዲሆን ነበር የፈለግሁት።

ቤዛ ሹራቡን ስታይ አወቀችው። «እማዬ፣ ይሄ የሀያት አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

«ነው። እትዬ ዘሀራ ለአንቺ ሰጥተውሽ ነው» አልኳት። «ግን ሲያዩት ስለሚያለቅሱ እዚህ እንዳትለብሺው። እንዳታመሰግኛቸውም፤ ቁስላቸውን ትነኪባቸዋለሽ።»

እትዬ ዘሀራ ከሐዘናቸው አውጥተው የነገሩኝን ቃል ወስጄ ለሌብነቴ መሸፈኛ አደረግሁት። ልብሱን ከመውሰዴ ይልቅ ይህ ያሳፍረኛል። ቤዛ ምንም አላወቀችም፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ብቻ። ሐዋሳ የሄደችበት አውቶቡስ በነገሌ በኩል ያልፋል። ሻንጣውም በነገሌ በኩል አለፈ። አልወረደም።

እትዬ ዘሀራ ከሳምንት በኋላ «ደረሰላት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ደረሰላት።»

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። ልጅቱ ሹራቡን ለብሳ እንደ ዘለለች፣ እጃቸውን መሳም እንደምትፈልግ ጨምሬ ነገርኳቸው። ሀያት ከሞተች ወዲህ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲሉ አየሁ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመለስ? ይህ ሰበብ ነው፤ አውቃለሁ። መመለስ እችል ነበር።

በዓመቱ ለአረፋ ደብተርና የፀጉር ቅባት ለጫልቱ ብለው ሰጡኝ። ይህንንስ አደርሳለሁ ብዬ ለእህቴ ደወልኩ።

«ጫልቱ? ትምህርቷን ከተወች ቆየች እኮ» አለችኝ እህቴ። «ያ ዩኒፎርሟ ጠበባት፤ ልጆቹ ሲስቁባት ቀረች። አጎቷ ሻሸመኔ ሰው ቤት አስገብቷታል።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። አለቀስኩ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀስኩም። ያሰብኩት ለእትዬ ዘሀራ ምን እንደምላቸው ነው። ሄድኩና «ዘጠነኛ ክፍል ገባች» አልኳቸው። ደብተሮቹን እኔ ለማጸዳበት ትምህርት ቤት ልጆች አደልኩ፤ ቅባቱን ራሴ ተቀባሁት። በሚቀጥለው ዓመት «አሥረኛ ገባች» አልኳቸው። በኔ ወሬ ውስጥ እያለፈች ሄደች። አንድ ቀን ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ «እንደ ሀያት ነርስ መሆን ነው የምፈልገው ትላለች» አልኩ። ማን አስገደደኝ? ለምን ይህን አልኩ? ደስ እንዲላቸው ነው ብል እዋሻለሁ። እሳቸው ደስ ሲላቸው እኔ ደግ ሰው መስዬ ለራሴ እታይ ስለነበር ነው።

እንዲህ ሆኖ ስምንት ዓመት አለፈ። ባለፈው ዓመት እትዬ ዘሀራ አልጋ ላይ ዋሉ። ትራሳቸውን ሳስተካክልላቸው እጄን ያዙና «ልጅቱን አንድ ቀን ይዘሽልኝ ነይ። ልያት» አሉኝ።

«ፈተና ላይ ናት» አልኳቸው።

«እንግዲያው ተያት፣ አታስጨንቂያት። ትማር።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ ከደሴ የመጣች የወንድማቸው ልጅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ብርቄ ማለት እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። «አክስቴ በስልክ ሁልጊዜ ታነሳዎት ነበር። ከሀያት በኋላ ሌላ ልጅ የሰጠችኝ ብርቄ ናት ትል ነበር። ከሶላት በኋላ ዱዓ ስታደርግ ከሀያት ቀጥላ ጫልቱን ነው የምትጠራት።» ይህን ብላ እጄን ሳመችው። እኔም እጄን አልሰበሰብኩም።

ከዚያ ወዲያ ግን ቤቴ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። የእህቴን ጎረቤቶች አጠያይቄ ሻሸመኔ ወረድኩ። ጫልቱን ያገኘኋት አንድ ትንሽ ሆቴል ጓሮ ሽንኩርት ስትልጥ ነው። አሁን ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ቁመቷ ሲታይ ሀያትን ትበልጣለች። የማን እህት እንደሆንኩ ስነግራት አስታወሰችኝ፤ «አካም ጅርቱ» ብላ ተነሥታ ሳመችኝ፣ ዱካም አቀረበችልኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ሻንጣውን፣ ሹራቡን፣ ጫማውን፣ ደብተሩን፣ ነርስ ትሆናለች ያልኩትን።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንገቷን ደፍታ የያዘችውን ሽንኩርት ልጣ ጨረሰች። ከዚያ፣

«ሴትየዋ ስሜን ያውቁት ነበር?» አለችኝ።

«ያውቁት ነበር። ሲጸልዩ ይጠሩሽ ነበር።»

«ስንት ዓመት?»

«ስምንት ዓመት።»

እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ልብሱስ ይቅር እትዬ» አለች። «ልብስ ያልቃል። እኔ ግን ያኔ በሰው ቤት ሆኜ፣ በዚህ ምድር ላይ ስሜን በደግ የሚያነሳ አንድም ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ይህቺን ብቻ እንኳ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ከወጥ ቤት በኩል ተጠራች። ሽንኩርቷን ይዛ ተነሣችና ሻይ አዝዛልኝ፣ ሳልጠጣ እንዳልሄድ ነግራኝ ገባች።

እኔ ልብስ የወሰድኩ መስሎኝ ነበር። እናት ነው የወሰድኩባት። እትዬ ዘሀራንም ልጅ አሳጣኋቸው፤ ሁለቱ በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ተለያይተው ሲኖሩ መሀላቸው የቆምኩት እኔ ነኝ። ድህነቴ ነው እንዳልል፣ እትዬ ዘሀራ ልጄ ልብስ እንደሌላት ብነግራቸው የራሳቸውን አውልቀው ይሰጡኝ ነበር። ልጄን ስለምወድ ነው እንዳልል፣ እሳቸውም ልጃቸውን ይወዱ ነበር።

ጫልቱ ልትሸኘኝ ስትወጣ «ይቅር በይኝ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ልጅቱ ደግ ናት፤ ብለምናት ይቅር ትለኝ ነበር። ያንንም ልወስድባት ነው?