ሰላምታው ሳያልቅ

በነቀምቴ ከተማ የድርቤ ታፋን ፊት የሚለየው ሰው ጥቂት ነበር። ድምጿን ግን ስልክ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። የማዞሪያው ሠራተኛ ናት። በስልክ ቤቱ የኋላ ክፍል፣ ቀዳዳና ገመድ በተደረደረበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ፣ ጊምቢን ከአዲስ አበባ፣ አኖን ከጉቴ ታገናኛለች። ከተማው ያወጣላት ስም «ሰላምታ አቋራጭ» የሚል ነው።

«ጉዳዩን ያስቀድሙ፤ ሰላምታው ኋላ ይደርሳል» ትላለች መሐል ገብታ።

የወለጋ ሰው በቀጥታ ወደ ጉዳይ አይገባም። መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፤ ከዚያ ልጆች፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ። ለሁሉም መልሱ «ነጋ» ነው፣ ሰላም ማለት። ቤት እየተቃጠለም ቢሆን ነጋ ነው። ክፉው ነገር የሚነገረው ሰላምታው ካለቀ በኋላ ብቻ ነው። ታናሽ የሆነ ደግሞ ታላቁ ጠይቆ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ዛፍ ጥላ ሥር ለተቀመጠ ሰው ይህ ያማረ ሥርዓት ነው። በክረምት፣ ግንድ በወደቀበት ሽቦ ላይ ግን መስመሩ ከሰላምታው ቀድሞ ይሞታል። ድርቤ ሥራ በጀመረች ሰሞን አንድ የአኖ ሰው አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ የአባታቸውን መታመም ሊነግር ደውሎ፣ ከብቶቹ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ። ወንድምየው «ሁሉም ነጋ ነው» ብሎ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ። አባቱን አልቀበረም። ከዚያ ወዲህ ነው መሐል መግባት የጀመረችው።

ሥራውን ያስተማራት የፈረቃው ኃላፊ መሸሻ ነው፤ ከሰው ጋር ሲነጋገር እንኳ ዓይኑን ከሰሌዳው የማይነቅል ሰው። ዓይኗን አስጨፍኖ ጆሮዋን አሠለጠነው። የሰማሽውን ለተናጋሪው መልሰሽ ንገሪው፤ ያልሰማሽውን በግምት አትሙዪ ይላታል። «አልሰማሁም» ማለት እንደማያሳፍር ለመማር አንድ ዓመት ፈጀባት። መስመሩ ሲደክም መካከል ገብታ ቃል ታቀብላለች። በኦሮምኛ ሰምታ በአማርኛ ታስተላልፋለች፣ በተናጋሪው ቦታ ሆና «እኔ» እያለች። «ታምሜአለሁ፤ ቶሎ ና» ስትል የታመመው ደምቢ ዶሎ ያለው ሰው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያላግጥባት ፈድሉ ነበር፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ።

«አንቺ ልጅ፣ ሽማግሎች ሊጠይቁሽ ሲመጡ ምን ልትያቸው ነው? ጉዳዩን አስቀድሙ?»

«ጋሽ ፈድሉ፣ አዲስ አበባ ቆሞ እየጠበቀዎት ነው። እኔን ኋላ ይዳሩኛል።»

ታናሽ እኅቷ ደራርቱ መሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበረች። አንገር ጉቲን አጠገብ፣ የወሎ ሰፋሪዎች መንደር ሰባት በሚባለው፣ ለአዋቂዎች ፊደል ታስቆጥራለች። ባሏ ዋቅወያ የመንግሥት እርሻው ትራክተር ነጂ ነው። በነሐሴ ሰባ ሰባት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ጳጉሜን ሲገባ ነቀምቴ መጥታ፣ ሐኪም አጠገብ ልትወልድ ተስማምተዋል።

እዚያ ስልክ የለም። ያለው የእርሻው ሬድዮ ነው፤ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በተወሰነለት ሰዓት ነቀምቴ ካለው ቅርንጫፍ ጋር ይነጋገራል። የቅርንጫፉ የሬድዮ ሠራተኛ ተድላ፣ ለድርቤ ሲል፣ አንዳንዴ የስልኩን እጀታ ከሬድዮው ጋር አጋጥሞ እኅትማማቾቹን ያገናኛል። አንዱ ተናግሮ «ተቀበይ» ካላለ ሌላው መናገር አይችልም።

በዚያው ነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት ድርቤ ገና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ከማድረጓ ተድላ ደወለ። «እኅትሽ ናት፤ ፍጠኚ» ብሎ ሁለቱን አጋጠማቸው።

«ድርቤ፣ እኔ ነኝ። ተቀበይ።»

«ደራርቱ! አካም ጅርታ? ፈያ? ተቀበይ።»

«ፈያ። ነጋ። ተቀበይ።»

«ዋቅወያስ? ተቀበይ።»

«ነጋ። ተቀበይ።»

«ወሎዬዎቹስ? ወባው ጋብ አለላቸው? ዝናቡስ እንዴት አደረጋችሁ? ተቀበይ።»

ትንሽ ቆየ። «ነጋ ነው። ተቀበይ።»

«ላሚቱስ ወለደች? ተቀበይ።»

አሁንም ቆየ። «ወለደች። ተቀበይ።»

«እሰይ! እናታችን አዮን ደግሞ እሑድ ዕለት አኖ ሄጄ አይቻታለሁ። ደኅና ናት፤ እሸት መሸጧን ይዛዋለች፤ ያንቺን ነገር ስትጠይቀኝ ነው የዋለችው። ለሕፃኑ ብላ...»

ሬድዮው እንደሚጠበስ ነገር ተንጫጫና ጸጥ አለ።

«ባትሪያቸው አለቀ» አለ ተድላ። «ከትራክተር ፈትተው ያመጡት ነው። እስኪሞሉት ከሰዓት በኋላ ይሆናል።»

ድርቤ አመሰገነችው። የእኅቷን ድምፅ ሰምታ ደስ ብሏት ነበር። ጥሪዎቹን እየተቀበለች፣ ገመዱን እየሰካችና እየነቀለች ሠራች። ሦስት ሰው ሰላምታ አቋረጠች። በመሐሉ ከጉቴ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ጥሪ መጣ፤ ክትባቱን የሚያደርስ መኪና ቸኩለው ይፈልጋሉ። አገናኘቻቸው። «ላንድሮቨሩ እዚህ ቆሟል፤ አሁኑኑ ይነሣል» ሲባል ሰማች፤ ገመዱን ነቀለች።

ለምሳ ሊወጡ ሲሉ ተድላ እንደገና ደወለ።

«ድርቤ፣ አንድ ነገር ከነከነኝ። የጠዋቱን ጥሪ አንቺ ነሽ ያዘዝሽው?»

«አላዘዝኩም።»

«የሬድዮው ሰዓት እኮ አልነበረም። እኔ ላጽዳው ብዬ ከፍቼው ነው ያገኙኝ። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ሲጠሩ እንደነበር እንጃ። ታዲያ ለምን ብላ ነው የደወለችው?»

ድርቤ ባልን ጠይቃለች፣ ወባን፣ ዝናብን፣ ላምን። ለምን ደወልሽ አላለችም። ከመልሶቹ በፊት የነበረው ቆይታ አሁን ጆሮዋ ውስጥ ተመልሶ ገባ። ለሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ገና በሁለተኛው ላይ ታቋርጠው ነበር። እሷ ታላቅ ናት፤ ጠይቃ እስክትጨርስ ደራርቱ ጠበቀቻት።

ለጉቲን የሚቀርበው ስልክ ጊዳ ነው። የጊዳዋን ማዞሪያ ካሰችን ለስድስት ዓመት በየቀኑ አናግራታለች፤ ተያይተው ግን አያውቁም። ካሰች ጥያቄዋን ሰምታ መስመሩን ክፍት ትታ ወደ መንገዱ ወጣች፤ ከጉቲን የሚመጣ ሰው ፍለጋ። ተመልሳ ስታነሣው ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«ድርቤ፣ እንደሰማሁት እነግርሻለሁ። የመንደር ሰባቷ አስተማሪ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። አዋላጂቱ አልቻልኩም ብላለች። መኪና ልትጠይቅ በቃሬዛ ሬድዮው ቤት አድርሰዋት ነበር። ጠይቃ አጣች ይላሉ። አሁን ሊያሻግሯት ወደ ወንዙ ይዘዋት ወርደዋል፤ ወንዙ ሞልቷል።»

«ጠይቃ አጣች አሉ?»

«እንደዚያ ነው ያሉት።»

መሸሻ ከጀርባዋ ቆሞ ነበር። መስመርን ለግል ጉዳይ መያዝ ከሥራ እንደሚያስባርር የቢሮው ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ሪፖርት አደርጋለሁ» አላት።

«አድርግ።»

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና የቀሩትን ጥሪዎች እሱ ይቀበል ጀመር። «ስትጨርሺ ነው የማደርገው» አለ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳያነሣ።

ጉቴን ጠራች። የጉቴዋ ማዞሪያ ብርቄ ላንድሮቨሩ በመስኮት ይታየኛል አለች፤ በመስኮቱ ብቅ ብላ ስትጮህ እዚህ ድረስ ተሰማ። ሾፌሩ ወልደዮሐንስ መጥቶ እጀታውን ያዘ።

«እንዴት ነሽ እመቤት፣ ቤት ደኅና፣ እናትሽ...»

«ወልደዮሐንስ፣ እኅቴ በምጥ ልትሞት ነው። ጊዳ አልፎ ወንዙ ዳር ናት። ድረስላት።»

«ያለ ፈቃድ ብሄድ ይገድሉኛል፤ ቤንዚኑም ነቀምቴ ቢያደርሰኝ ነው» አለ።

«ፈቃዱንም ቤንዚኑንም እኔ አመጣለሁ። አንተ ብቻ ተነሥ።»

የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በፓርቲው አዳራሽ። ስልኩን ያነሣው ዘበኛ «ጓድ አይጠሩም» አላት። በማዞሪያ ሥራ አንድ ነውር አለ፤ የሌለን ጥሪ አለ ማለት። ድርቤ አድርጋው አታውቅም።

«አዲስ አበባ ነው የሚጠራቸው» አለች።

ኃላፊው እየሮጡ መጡ። «አቤት ጓድ!»

«አዲስ አበባ አይደለም፤ እኔ ነኝ፤ ማዞሪያዋ» አለችና የሆነውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

«ከስብሰባ አስወጣሽኝ? በውሸት?»

«አዎ ጌታዬ።»

«በዚህ ትጠየቂበታለሽ» አሉ። ከዚያ፣ «መኪናው ይሂድ።»

ቀጥሎ የፈድሉን ሱቅ ደወለች።

«ጋሽ ፈድሉ፣ ቤንዚን አለዎት?»

«አንቺ! በራሽን ዘመን ቤንዚን በስልክ ይጠየቃል? ማዞሪያዋ ብትሰማንስ!» ብሎ ሊስቅ ሲል ድምጿን አጤነው። «ለማን ነው?»

«ለደራርቱ።»

«መኪናው በሱቁ በር በኩል ይለፍ» አለና ዘጋ።

ላንድሮቨሩ ቤንዚን ሞልቶ በጊዳ መንገድ መውጣቱን ሰማች። ካሰች ደግሞ ጊዳን ሲያልፍ አይታ ነገረቻት። ከዚያ ወዲያ ሽቦ የለም። ድርቤ መስካትና መንቀል ቀጠለች። ሰው «እንዴት ዋልሽ» ሲላት «ደኅና» ትላለች፤ ያን ከሰዓት በኋላ ማንንም አላቋረጠችም። መሸሻ ውሃ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ። አልጠጣችም።

በከሰዓቱ የሬድዮ ሰዓት ተድላ እጀታውን ከሬድዮው ጋር ሳያጋጥም ራሱ እየሰማ ነገራት። ድርቤ ይህን መርጣለች፤ የምትሰማው ተጣርቶ እንዲመጣላት።

«መኪናው ወንዙ ደርሷል። ... ዋቅወያና ወሎዬዎቹ የትራክተር ጎማ ከመነዳሪ ነፍተው፣ ቃሬዛውን በላዩ አስረው፣ በገመድ አሻግረዋታል። ... መኪናው ላይ ናት። ትናገራለች።»

«ሕፃኑስ?»

«ሬድዮው...» አለ ተድላ።

«ተድላ፣ አልሰማሁም አትበለኝ።»

«ከመሻገሯ በፊት ወንዙ ዳር ነው የተወለደው። ወንድ ነው። ትንፋሽ አልነበረውም።»

ድርቤ የሰማችውን መልሳ ነገረችው፣ ቃል በቃል፣ እንደ ተማረችው። ተድላ «ትክክል ነው» አላት።

ማምሻውን ሆስፒታል ደራርቱን አየቻት። ፊቷ እንደ አመድ ነው፤ ደም ብዙ ፈሷታል። ዋቅወያ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ እንደሆነ በሩ ሥር ተቀምጧል። ድርቤ አዋላጇን ነርስ ኮሪደር ላይ አገኘቻትና፣ መኪናው ጠዋት ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ብላ ጠየቀች። ነርሷ በድካም አየቻት። «እንዲህ ያለውን ማን ያውቃል እኅቴ» ብላ አለፈች። ድርቤ ወይ አዎ ወይ አይደለም እንድትላት ነበር የፈለገችው።

ደራርቱ ዓይኗን ገልጣ እጇን ያዘቻት። ድምጿ ከሬድዮው ይልቅ የራቀ ነበር።

«ልነግርሽ ነበር» አለች። «አልጨረስሽም እኮ።»



በማግሥቱ ጠዋት መሸሻ ከሰሌዳው እንድትነሣ ነገራት። የጤናው ኃላፊ ከስሰዋል፤ ነገሩ እስኪታይ ሥራ የለም። «የእኔም ሪፖርት ገብቷል» አለ። «እኅትሽ እየሞተች እንደነበረም ጽፌበታለሁ።» ገመዶቹን በየቦታቸው መልሳ ወጣች።

ቀጥታ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ሄደች። እናቷን አኖ ስልክ ቤት ማስጠራት ትችል ነበር፤ መርዶ ግን በሽቦ አይነገርም። ጉቴ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም አንዲት አጭር ሴት በመስኮት ውጭውን ስታይ አየች፤ ብርቄ ትሆናለች። ልትወርድ ፈለገች፤ ከወንበሯ ሳትነሣ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

እናቷ አኖ መንገድ ዳር እሸት በቆሎ ጠብሳ ትሸጣለች። ልጇ በሥራ ቀን ከአውቶቡስ ስትወርድ አየቻት። ማራገቢያውን ፍሙ ላይ እንደያዘች ቀረች። ስለ ጤና አልጠየቀችም፤ ስለ መንገዱም አልጠየቀችም።

«ሁለቱም ናቸው?» አለች።

«ልጁ ነው አዮ። ደራርቱ በሕይወት አለች።»

«ትናገራለች?»

«ትናገራለች። ደም ፈሷታል። ሐኪሙ ገና ተርፋለች አላለም።»

እናቷ በቆሎውን ከነፍሙ ለአጠገቧ ሴት ተወችላትና ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። ወደ ነቀምቴ የሚመለስ አውቶቡስ እስከ ከሰዓት የለም። ድርቤ ይህን ስትነግራት እናቷ ቀድማ መንገዱን ጀምራ ነበር። ከኋላቸው የሚመጣ የጭነት መኪና ካለ ያነሣቸዋል። በዝናቡ ውስጥ፣ ዳገቱን ይዘው፣ እናትየዋ ከፊት፣ ልጅቱ ከኋላ ሄዱ።

«እንዴት ሆነ? ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለች እናቷ ዘወር ሳትል።

ድርቤ ከመጀመሪያው ጀመረች። «በጠዋት ደወለችልኝ» አለች።