ዝም ያለው ቀኝ

ታመነ በሰው አገር፣ ኢስትሊ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ የገበያ ሕንፃ ፎቅ ላይ ያረጁ ቴፖችና ድምፅ የሚያጎሉ ሪሲቨሮች ሲጠግን ዘመኑን ፈጅቷል። አገሬው «ፈንዲ» ይለዋል፤ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። እንጀራው ግን ጆሮው ነበር። ብልሽትን አድኖ የሚያገኘው በጆሮ ነው፤ መለኪያውን ከመሳቢያ የሚያወጣው ደንበኛ ቆሞ ሲያየው ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ጎረቤቱ ከሊፋ፣ ሞባይል ሻጩ፣ «ጋሽ ታመነ!» ሲለው ወደ ግራ ዞረ። ማንም የለም። ከሊፋ በቀኙ፣ ክንዱን ሊነካው ምንም ሳይቀረው ቆሟል።

«ግድግዳውን ነው እንዴ ሰላም የምትለው?» ብሎ ሳቀበት።

ታመነ የእትዬ የውብዳርን ሪሲቨር ከፈተ። ሴትዮዋ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት አላቸው። ከሰዓት በኋላ የልጃቸው ቀለበት ስለሆነ ዕቃው የግድ መድረስ አለበት። የቀኙ ድምፅ እየጠፋ ይመለሳል ብለዋል። ድምፁን የሚያቀብለውን ሪሌይ ጠቁሮ አገኘው። ጠረገውና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ አጫወተ። ግራው ዘፈነ። ቀኙ ዝም።

የላላ ብየዳ ካለ ብሎ በቀርከሃ እንጨት ነካካ። ዝም። የሚገባውን ገመድ ግራና ቀኝ አቀያየረ፤ ብልሽቱ ገመዱ ውስጥ ከሆነ ዝምታው ወደ ግራ መሻገር ነበረበት። አልተሻገረም። መለኪያውን አወጣ፤ ሁለቱም መውጫዎች እኩል ናቸው አለው። «ቆሻሻ!» ብሎ ወረወረው።

የቀረው ማዳመጫው ነበር። አውልቆ ገልብጦ አጠለቀው። የቀኙ ጎን አሁን በግራ ጆሮው ላይ ሆኖ ጥርት አድርጎ ዘፈነ። ዝምታው ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ታመነ ጣቶቹን በቀኝ ጆሮው ሥር አፋተጋቸው። መፋተጋቸው በቆዳው ተሰማው፤ ድምፅ ግን አልነበራቸውም።

እትዬ የውብዳር እያለከለኩ ገቡ። «ደረሰልኝ?»

ደህና ሆኗል ብሎ ቢሰጣቸው ማንም አያውቅበትም። ማዳመጫውን አቀበላቸው። «እስኪ እርስዎ ይስሙልኝ። ቀኙ ይዘፍናል?»

«ምን መዝፈን ብቻ! አንተ አትሰማም እንዴ?»

«አልሰማም።»

ሳቁ፤ ፊቱን ሲያዩ ግን ሳቃቸው ተቋረጠ።

«ከሊፋ!» ብሎ ተጣራ። «ሱቁን ዝጋልኝና ሐኪም ቤት ውሰደኝ። ዕቃው ደህና ነው፤ የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሶኬቱን ነቀለ። የሪሲቨሩ መብራት ጠፋ፣ ዘፈኑ ቆመ። ያኔ በሞተው ጆሮው ውስጥ፣ ገመዱ በደንብ ያልተያያዘ ማጉያ የሚያሰማው ዓይነት ቀጭን ጥዝዝታ ጀመረ። ድምፁን ያውቀዋል፤ ከስንቱ ቤት ዕቃ ላይ አጥፍቶታል። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ተመለከተ። ጫፉ እንደተነቀለ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።