ባዶዋን የማትሄድ ፒካፕ

የተቃጠለ ዘይትና ግራሶ ሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ እጠላለሁ። ዛሬ ጠዋትም፣ ከደሴ ልጠይቃት በመጣሁበት በእናቴ ቤት፣ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ የቀሰቀሰኝ ይኸው ሽታ ነበር፤ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ብወጣ ታናሽ ወንድሜ ሙሉጌታ የፒካፗን የኋላ ጎማዎች አውልቆ፣ ከሥር ያለውን ብረት ሁሉ ፈታቶ፣ እናቴ በርበሬ በምታሰጣበት ሰሌን ላይ ደርድሮታል፤ ጥቁሩ ቅባት ሰሌኑ ውስጥ ይሰርጋል፣ ዝንቡ ይርመሰመሳል፣ እሱ ደግሞ በዚያው እጁ ዳቦ እየገመጠ «ደህና አደርሽ እትዬ» ይለኛል። እናታችን ትናንት አመሻሽ ላይ ከደጃፉ ድንጋይ ተንሸራታ ወድቃ፣ ዳሌዋን ይዛ ስታቃስት ነው ያደረችው፤ ላሊበላ ሆስፒታል መድረስ አለባት፣ አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ ሩቅ መንገድ ወጥቷል ተብለናል፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ወደ ከተማ የሚወስደውን ይህን ድንጋያማ መንገድ ደግሞ ባጃጅ አይደፍረውም። ያለችን ፒካፗ ብቻ ናት፤ እሷም እንደ ቅርጫ ሥጋ ብልት በብልት ሆና ተዘርግታለች።

ሙሉጌታ የፈታታት፣ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ የእንግዳ ማረፊያ ሲሚንቶ ለማመላለስ ስለተዋዋለ፣ ባሌስትራዋ ላይ አንድ ብረት ሊጨምር ነው። ባሌስትራ ማለት በኋላ ጎማው በኩል ተደራርቦ የሚታሰር፣ እንደ ቀስት የጎበጠ ብረት ነው፤ ብረቱ በበዛ ቁጥር መኪናው ብዙ ይችላል፣ ባዶውን ሲሄድ ግን ያው ብረት አልተጣጠፍም ብሎ ድርቅ ይልና የተሳፈረውን ሰው አጥንት ይፈጫል። ይህን ያወቅሁት በልጅነቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና አባቴ በዚችው ፒካፕ ላይ ይህንኑ ሥራ ሲያሠራ አብሬው ነበርኩ።

አባቴ ፒካፗን የገዛት ከፍላቂት ገብስ እየጫነ ላሊበላ ገበያ ሊያወርድባት ነበር። ጭነቱ ሲበዛባት ኋላዋ ቁጢጥ ይላል፣ ጎማው ከላይ ካለው ቆርቆሮ ጋር እየተፋተገ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፣ አባቴም ዳገት በመጣ ቁጥር ወርዶ በጭንቀት ይዞራታል። በመጨረሻ ወልዲያ ጋራዥ ወሰዳት፤ ጫማ እገዛልሻለሁ ብሎ እኔንም ይዞኝ ሄደ። እንዲያ ያለ አስጠሊ ቦታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። መሬቱ የዘይት ጭቃ ነው፤ ጥግ ላይ በተከመሩት አሮጌ ጎማዎች ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ትል ይዋኝበታል፤ መካኒኩ ምሳውን አንድ ባትሪ ላይ አስቀምጦ፣ ሽሮው ላይ የረገፈውን ዝገት በጣቱ እያነሳ ይበላ ነበር፤ እኔን ሲያይ ደግሞ ፊቱ በደስታ በርቶ፣ እስከ ክርኑ በጠቆረ እጁ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። አባቴ በዓይኑ «ዋጪ» አለኝ። ዋጥኩት፤ ግን ያ ጉርሻ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ የቀረ ይመስለኛል። አዲሱ ጫማዬም ገና አንድ ቀን ሳይሞላው እዚያው ጭቃ ውስጥ ተበላሸ።

ከሞተ የጭነት መኪና የተነቀለ ወፍራም ብረት ታሰረላትና ፒካፗ ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶዋን ስትቆም ኋላዋን ሽቅብ ሰቅላ፣ አፍንጫዋን ወደ መሬት ደፍታ ነበር። የመንደሩ ልጆች በሳቅ ይሞታሉ። አባቴ ግን ኩራቱ አያድርስ ነው፤ መንገደኛ እየጠራ «በሉ ውጡባት! ንቅንቅ ብትል ምን አለ በሉኝ!» እያለ ያስረግጣት ነበር። እውነትም ገብሱን እንደጉድ ትጭናለች። ጭነቱን አራግፋ ስትመለስ ግን ያ መንገድ አይጣል ነው፤ አባቴ ራሱ ወገቡን ይዞ፣ ማንም እንዳያየው ዞር ብሎ ነው የሚወርደው፤ እናቴማ «በእግሬ ይሻለኛል» ብላ እርም አለቻት። ያን ጊዜ ሙሉጌታን አርግዛ ነበር።

ምጡ መጣና ጠናባት። ጎረቤታችን አዋላጅዋ ከጓዳ ወጥታ «የእኔ እጅ አይበቃትም፣ ሐኪም ቤት አድርሷት» ስትል የቅሬው ሰዎች ቃሬዛቸውን ይዘው ደረሱ፤ ቅሬ በእኛ አገር በሽታም ሞትም ሲመጣ ሰው የሚተጋገዝበት የመንደር ማኅበር ነው። አባቴ ግን መኪና ያለው ሰው ሚስቱን በሰው ትከሻ አያስኬድም ብሎ፣ ፍራሽ አንጥፎ ፒካፗ ላይ አስተኛት። ከግቢው ወጥተን ገና የመጀመሪያዋን ድንጋይ ስንረግጥ ፒካፗ እናቴን ከፍራሹ አንስታ መልሳ አፈረጠቻት። የእናቴን ጩኸት አሁንም እሰማዋለሁ። አባቴ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደፋ፤ በእግር እንዳይሄዱ መንገዱ ሩቅ ነው፣ እሷም እየደከመች ነው፣ ገብሱም ተሽጦ አልቆ አንድ የሚጫን ነገር ቤት ውስጥ የለም።

የቅሬው ዳኛ አያ ደሳለ፣ ቃሬዛው አሁንም ትከሻቸው ላይ እንዳለ ተከትለውን መጡና ምን እንደሆነ ጠየቁ። አባቴ ጭነት ከሌላት እንደማትገራ ከመሪው ቀና ሳይል ነገራቸው።

«እና ጭነት ነው የጎደለህ?» አሉት። «እኛስ አለን አይደል! ልንሸከም ነው የወጣን፣ ሳንሸከም አንመለስም። ውጡ በሉ እናንተ!»

ወጡባት። የፒካፗ መጫኛ እስኪጠብ ድረስ፣ ትልልቅ ሰዎች፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተሳፈሩ፤ እናቴን ቃሬዛው ላይ አስተኝተው ቃሬዛውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፣ አዋላጅዋ አጠገቧ ተቀመጠች፣ እነሱ ግን ምጥ ላይ ያለች ሴት ላለማየት ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው ተራራ ተራራውን ያያሉ። ፒካፗ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ያ እልኸኛ ብረት ለዘበ፣ መንገዱም ሌላ መንገድ ሆነ። እኔ ጋቢና ውስጥ ከኋላ መስኮቱ ሥር ነበርኩ፤ የላብ፣ የጠላ፣ የፍየልና ዝናብ የመታው ጋቢ ሽታ በመስኮቱ እየገባብኝ አፍንጫዬን ይዤ ነው የተጓዝኩት። አያ ደሳለ «ድንጋይ መጣ፣ ሰብሰብ በሉ!» ባሉ ቁጥር ሁሉም ቃሬዛውን ከጉልበታቸው ወደ ላይ ብድግ ያደርጉታል፤ እናቴ በመኪና እየሄደችም በሰው እጅ ላይ ነበረች። ሙሉጌታ ሆስፒታል ከመድረሳችን ተወለደ። መንደሩም «የቅሬው ልጅ» እያለ አሳደገው።

ይኸው የቅሬው ልጅ ዛሬ ብረቱን አስሮ ሲጨርስ እኩለ ቀን ሆነ። «ባዶዋን እኮ ነች፣ እንዴት ልታደርጋት ነው?» ብለው «አስቤበታለሁ እትዬ» አለኝና ለሥራው ተረክቦ ቤታችን ጥግ ካከማቸው ሲሚንቶ ከረጢት እየጎተተ መጫን ጀመረ። ደሜ ፈላ። ሰው ጥራ አልኩት፤ ሳቀብኝ። ራሴ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ቅሬው እንደሆነ ዛሬም አለ፣ እንዲያውም ድንኳንና ወንበር ገዝቷል፣ ሰው ሲሞት ማንም አይቀርም፤ ለታመመ መውጣት ግን ቀርቷል። ጎረምሶቹ ድልድዩ ላይ ተደርድረው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፤ የአያ ደሳለ የልጅ ልጅም አለበት። የእናቴን ነገር ስነግራቸው ከልባቸው አዘኑ፣ «እግዜር ይማራት» አሉ። ተነሱና እንሂድ ስላቸው ግን የአያ ደሳለ የልጅ ልጅ ግራ ተጋብቶ «ሙሉጌታ መኪና አለው አይደል?» አለኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እውነት አልገባውም። ምራቄን ጢቅ ብዬ ተመለስኩ። እነሱ አስጠሉኝ፣ ወንድሜ አስጠላኝ፣ ደሴ ከተማ ተቀምጬ ጎረቤቴ ሲታመም ስልክ ደውዬ ብቻ የማዝነው እኔ ራሴም አስጠላሁኝ።

እናቴን በከረጢቶቹ መካከል ፍራሽ ላይ አስተኝተናት ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። ፒካፗ ቁጭ ብላ ለስለስ ብላ ሄደች፤ የሙሉጌታ ሒሳብ ትክክል ነበር፣ ይህም ይበልጥ አናደደኝ። የሲሚንቶው ግራጫ አቧራ ከንፈሬ ላይ እየተጋገረ፣ ያን ጊዜ አፍንጫዬን የያዝኩበት የላብና የጠላ ሽታ ውል አለኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚያ መስኮት በኩል ቢመጣልኝ አፌን ከፍቼ በተነፈስኩት ነበር።

የእናቴ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። መንገዱ እንዳልጎዳት ስታውቅ ከጋቢዋ ሥር እጇን አወጣች፤ ራስጌዋ ያለውን ከረጢት ዳበሰችና ትከሻ እንደሚመታ ሰው መታ መታ አደረገችው።

«አደከምኳችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ማን ልበል የኔ ወንድም?»

ያን የጋራዥ ጉርሻ ዳግመኛ ዋጥኩት።

«አያ ደሳለ ናቸው» አልኳት።

አያ ደሳለን ከቀበርን ስንት ዘመን ሆነን፤ ቀብራቸው ላይ እሷ ራሷ ደረቷን እየመታች አልቅሳለች። ዛሬ ግን «ዕድሜ ይስጥዎ አያ» አለችና፣ እጇ እዚያው ሲሚንቶው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰዳት።