የእድራችን ምርጫና የሾፌሩ ሚስት

ዲላ ውስጥ የሲቪክስ መምህር ሆኖ መኖር አንድ ችግር አለው፤ ሰው ያምንሃል። ስለ ደንብ፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ስብሰባ አካሄድ ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ሁሉም ዞሮ አንተን ያያል። እኔ ደግሞ ሲያዩኝ ዝም ማለት አልችልም። ሚስቴ ይህን ጠባዬን ስለምታውቅ ወደ ስብሰባ ስወጣ «ዛሬ እንኳ አታስተምር» ብላ ትሸኘኛለች።

የሰፈራችን እድር ሥልሳ አባወራ አለው፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩ በዋናው መንገድ ላይ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ ሽማግሌ ሲሆኑ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ድሮ ምርጫችን ቀላል ነበር። እጅ ይወጣል፣ አምስቱም የኮሚቴ ወንበር ለጋሼና ለወዳጆቻቸው ይሆናል፣ ይጨበጨባል፣ ወደየቤታችን እንገባለን። ዘንድሮ ግን ወጣቶቹ አኮረፉ። እነሱ አዳዲስ ድስት ይገዛ ይላሉ፤ እነጋሼ ደግሞ የሚያፈሰው ድንኳን ይቀደም ባይ ናቸው። ነገሩ ከርሮ ወጣቶቹ «ተገንጥለን የራሳችንን እድር እናቋቁማለን» አሉ። አሮጌው ድንኳን ለሁለት እንዴት እንደሚካፈል በእድሩ ቴሌግራም ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ተጨቃጨቅን።

ይሄኔ ነው ብድግ ያልኩት። «የተመጣጣኝ ውክልና ምርጫ ለምን አናደርግም?» አልኩ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሥልሳ ሙዝ በፌስታል ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ሥልሳ ድምፅ ለአምስት ወንበር ሲካፈል ዐሥራ ሁለት ይደርሳል፤ ስለዚህ አንድ ቡድን ባገኘው በየዐሥራ ሁለቱ ድምፅ አንድ ወንበር ይወስዳል፤ ወንበር ከተረፈ ትልቁ ትራፊ ላለው ይሰጣል። ጋሼ አንዱን ድምፅ ልጠው እየበሉ ካዳመጡኝ በኋላ «እንዴ መምህር፣ ይሄ እኮ ቅርጫ ነው!» አሉ። ሰው ሁሉ «አሃ!» አለ። እኔ ክፍል ውስጥ ሁለት ክፍለ ጊዜ የምፈጅበትን ትምህርት በአንድ ቃል ጨረሱት። ትንሽ ቅር አለኝ።

ደንቡንም እኔው ጻፍኩ። «ካቀረባቸው ዕጩዎች በላይ ወንበር ያገኘ ቡድን የጎደለውን ራሱ ይሞላል» የሚል አንቀጽ ሁሉ ጨመርኩበት። ለምን እንደጨመርኩ እንጃ፤ አንቀጽ መጨመር ደስ ይለኛል። ሁለት ቡድን ተመዘገበ፦ በድንኳን ምልክት እነጋሼ፣ በድስት ምልክት ወጣቶቹ። እኔ በድንኳን ዝርዝር ሦስተኛ ነበርኩ። ከዚያ የሾፌሩ ሚስት እቤቴ መጣች።

ባሏ በሞያሌ መስመር አውቶቡስ ይነዳ ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት እንደወጣ አልተመለሰም፤ እዚያው ሌላ ትዳር እንደያዘ ሰምተናል። በመዝገቡ ላይ ያለው ግን የሱ ስም ነው። በየወሩ ስም ስጠራ እሱ ጋ ስደርስ ከኋላ አግዳሚ በቀጭን የሴት ድምፅ «አቤት» ይባላል፤ እኔም ምልክት አደርጋለሁ። ለቅሶ ቤት ድስት በማጠብ የሚቀድማት የለም። ችግሩ ድንኳንና ድስት የተስማሙበት ብቸኛው ነገር መዝገቡ ይጽዳ የሚለው መሆኑ ነው። አዲሱ ኮሚቴ እንደተቀመጠ፣ ዓመት ሙሉ በአካል ያልተገኘ አባል ሊሰረዝ ነው። ባሏ ከተሰረዘ እሷ እድር የላትም።

«መምህር፣ እናቴ አልጋ ላይ ናት» አለችኝ ቁጭ ሳትል። «ነገ አንድ ነገር ቢሆን፣ እድር የሌለው ሰው ማን ይቀብርለታል? በኔ ስም አዙርልኝ።»

«እህቴ፣ ደንቡ እኮ አባወራ ነው የሚለው» አልኳት። የደንቡ ጸሐፊ እኔው መሆኔ ትዝ ሲለኝ መሬት መሬት አየሁ።

ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ባሌ ይወዳደራል፤ ኮሚቴ የገባን ሰው ማን ይሰርዘዋል?» አለች።

«ባልሽ የት አለና?»

«ስም ስትጠራ አለ አይደል? ማነው አቤት የሚልህ?»

ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁና «ትወዳደር፣ ምን ቸገረን፤ ማን ይመርጣታል?» አሉ። እሷ ብቻዋን ያለችበት ሦስተኛ ዝርዝር በጃንጥላ ምልክት ተመዘገበ።

ምርጫው እሁድ ከሰዓት፣ ሰው ከየአምልኮው ከተመለሰ በኋላ፣ በእድሩ ቤት ሆነ። የዲላ ዝናብ እንደ ልማዱ ሳይጋበዝ መጣ። የብስኩት ካርቶን ቀደን ኮሮጆ አደረግን፤ አንዱን ጥግ በአንሶላ ጋረድን። ተራዬ ደርሶ ከአንሶላው ጀርባ ስገባ እስክሪብቶዬ ድንኳኑ ላይ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ይቺ ሴት ዜሮ ብታገኝስ? በሰው ሁሉ ፊት ዜሮ ሲባል እንዴት ትሆናለች? ድንኳን እንደሆነ ያለኔም ያሸንፋል። ይሉኝታ ያዘኝና ጃንጥላው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። በራሴም በጣም ደስ አለኝ፤ ደግ ሰው ነኝ ብዬ።

ቆጠራው ተጀመረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው እየጮህኩ ነበር የማነበው። «ጃንጥላ!» ሰዉ በርኅራኄ አጨበጨበ። «ጃንጥላ!» አሁንም ተጨበጨበ። «ድስት! ጃንጥላ! ጃንጥላ! ድንኳን! ጃንጥላ!» አሥረኛው ላይ ጭብጨባው ቆመ። ሃያኛው ላይ ሰው እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ፤ ሠላሳኛው ላይ መተያየቱንም ትቶ አንገቱን ደፋ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «እኔም ሰጥቻት ነበር» አሉኝ። «እኔም ጋሼ» አልኳቸው። «እኔ ብቻ መስሎኝ እኮ!» አሉ። ለካ ሰፈሩ በሙሉ እንደኔ ደግ ሰው ኖሯል።

ጃንጥላ ሠላሳ ሰባት፣ ድንኳን ዐሥራ ሁለት፣ ድስት ዐሥራ አንድ። ያንን የሙዝ ሒሳብ ሰው ሁሉ በቃሉ ያውቀዋልና ማጭበርበር አይቻልም፤ ጃንጥላ ሦስት ወንበር፣ ድንኳን አንድ፣ ድስትም በትራፊ አንድ። አንዲት ሴት ሦስት ወንበር አገኘች፤ እኔ ከኮሚቴ ወጣሁ።

ከወጣቶቹ አንዱ ተነሳና «ይደገም! ይሄ የአዘኔታ ድምፅ ነው!» አለ። ማንም አልተቃወመውም፤ እውነት ነዋ።

የሾፌሩ ሚስት ከኋላ አግዳሚ ተነሳች። «በአዘኔታም ይሁን በምን፣ ተቆጥሯል አይደል? ስምንት ዓመት ድስት ሳጥብላችሁ በአዘኔታ ነው በምን ነው ብላችሁ ጠይቃችሁኛል?» አለች።

ጋሼ ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉና «አይደገምም፤ ደንብ ደንብ ነው። የጎደለሽን ሁለት ሰው ጥሪ» አሏት። አንቀጼ አባወራ ይሁን አይሁን አይልም ነበርና አብረዋት ድስት የሚያጥቡትን ሁለቱን ጠራች፦ የጋሼን ሚስትና የኔን ሚስት። ሁለቱ ውጤቱን ሊሰሙ ከመጡት ሴቶች መካከል እንደተዘጋጀ ሰው ተነስተው ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ። አዲሱ ኮሚቴ በጸሐፊነት እንድቀጥል ፈቀደልኝ። ሚስቴ ድምፀ ተአቅቦ አደረገች።

የመጀመሪያው ውሳኔ «አባወራ» የሚለው «አባል» ተብሎ እንዲስተካከል ነበር፤ አምስቱም ደገፉ። መዝገቡን ገለጥኩ፣ የሾፌሩን ስም በቀይ ሰረዝኩ፣ ከሥሩ ልጽፍ እስክሪብቶዬን አስጠጋሁ። እዚያው ቀረ። ጋሼን አየኋቸው፤ እሳቸውም ጣራ ጣራ ያያሉ። ሚስቴ ታውቃለች፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል፤ ግን ልትነግረኝ አልፈለገችም፤ እንድጠይቅ ነው የፈለገችው።

«እህቴ… ስምሽ ማን ነበር?»

ነገረችኝ። ጻፍኩት። ስለ ውክልና ለዚያ ሁሉ ዓመት ያስተማርኩ ሰው በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ወር ስም ስጠራ እሷ ጋ ደረስኩና አዲሱን ስም ጮክ ብዬ ጠራሁ። መልስ የለም። ደገምኩት። ሰው ሁሉ «ማናት ደግሞ?» ብሎ ወደ ኋላ ዞረ፤ እሷም ከኮሚቴው ጠረጴዛ አንገቷን አስግጋ አብራ ፈለገች። ሚስቴ በክርኗ ነካ አደረገቻት።

«ውይ!» አለች ደረቷን ይዛ። «እኔ ነኝ ለካ። አቤት!»