አፉ የተሰፋ ኪስ

ሰብሳቢው እትዬ መርፌን ያውቃቸዋል ማለት ይከብዳል። ስንትና ስንት ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አብሯቸው ተቀምጧል፤ እሳቸው ይሰፋሉ፣ እሱ ካርቶን ያሽጋል። ግን የት ተወለዱ፣ ማን አሳደጋቸው፣ ዘመድስ አላቸው ወይ ቢሉት ራሱን ከማከክ ሌላ መልስ የለውም። የሚያውቀው ትከሻቸውን እንደሚያማቸው፣ ሻይ ያለ ስኳር እንደሚጠጡና ኮሌታቸው ላይ መርፌ ሰክተው እንደሚረሱት ነው። ስማቸውም የመጣው ከዚያ ነው። አንዴ የመዘምራኑ መሪ ሰላም ሊላቸው ሲያቅፋቸው መርፌው ደረቱን ቢወጋው «እትዬ መርፌ!» ብሎ ጮኸ፤ ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ሰብሳቢው በሙያው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ባሕር ማዶ ያለውን የሕፃናት ማሳደጊያ በሚረዳው የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ላይ ሰብሳቢ ሆኖ የተሾመው፣ የአንዲት ምእመን ወጥ ቤት በውኃ ተጥለቅልቆ ሊያደርቅ ሄዶ ከስብሰባ በቀረበት ቀን ነው። ሌሎቹ አጋጣሚው እንዳያመልጣቸው በሌለበት መረጡት። ከዚያ ወዲህ ከአንድም ስብሰባ ቀርቶ አያውቅም፤ ሹመቱ ግን ከትከሻው አልወረደም።

ምእመናኑ ልጆቻቸውን የጠበባቸውን ልብስ ያመጣሉ። እትዬ መርፌ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ ሰንብተው፣ ቅዳሜ እግራቸውን እየጎተቱ ይመጡና ቁልፍ ይተክላሉ፣ የተቀደደ ይጥፋሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። መጨረሻ ላይ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በእያንዳንዱ ልብስ ውስጥ በግራ በኩል ትንሽ ኪስ ይሰፋሉ። ከውጭ አትታይም። ሰብሳቢው መጀመሪያ ሰሞን ለምን እንደሆነ ጠይቋቸው ነበር።

«አልጋው የጋራ፣ ቁም ሣጥኑ የጋራ፣ ማበጠሪያው የጋራ» አሉት። «አንድ ነገር እንኳ የራሳቸው ይሁን እንጂ።» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፤ ወሬውም በዚያ አለቀ።

ነገሩ የመጣው በዚህ ሳምንት ነው። የማሳደጊያው ኃላፊ ስልክ ደወለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድምፅዋ ራሱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው። ልጆቹ ከገበታ ዳቦ እየቆረሱ በዚያች ኪስ ደብቀው ይተኛሉ አለች። ዳቦው አይጥ ጠራ፣ አይጡ ደግሞ አንዲት ልጅ ጣቷን ነከሳት። የሚበላ እያለ ለምን እንደሚደብቁ አልገባትም። ኪሱ ይቅር አለች፤ ክፍት ኪስ ያለው ልብስ ከመጣ አንድም ሳታስቀር እንደምትመልስ ነገረችው። የቤተ ክርስቲያኑ መጋቢ ይህን ሲሰማ አዘነና፣ እትዬ መርፌ አንተን ይወዱሃል፣ አንተው ንገራቸው ብሎ ሰብሳቢው ጫንቃ ላይ ጣለው።

ቤቱ ገብቶ ሚስቱን ቢያማክራት ሳቀችበት። «አንተ እኮ ቧንቧ ሲያፈስ አንገቱን ታንቃለህ፣ ሰው ፊት ስትቆም ግን የምትፈሰው አንተው ነህ» አለችው።

እውነቷን ነው። የፈራው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። እትዬ መርፌ ቢቀየሙና የስፌት መኪናውን ትተው ቢሄዱ የሚተካቸው የለም። ሌሎቹ ሴቶች መርፌ ያዙ ሲባሉ መነጽራቸውን ቤት ነው የሚረሱት። እነዚያ ልጆች ደግሞ ብርድ እየመጣባቸው ነው፤ ካርቶኖቹ ሰኞ መርከብ ላይ መሆን አለባቸው።

ቅዳሜ ሻይ ቀዳላቸው፣ ወንበራቸውን አስተካከለ፣ ወለሉን ጠረገ፣ ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገ።

«ዛሬ ምን ነክቶሃል?» አሉት እትዬ መርፌ፣ ዓይናቸውን ከስፌቱ ሳያነሱ። «ወለሉ እንኳ ታከተው።»

መሸሻ አጣና ሁሉንም ነገራቸው፤ ዳቦውን፣ አይጡን፣ ልጅቷን፣ ይመለሳል የተባለውን ልብስ። የመኪናው መርገጫ ቆመ። ከግድግዳው ማዶ መዘምራኑ አንዷን ስንኝ ይደጋግማሉ፤ የሆነ ሰው እየሳተባቸው ነው።

«ልጅቷ ትንሽ ናት?» አሉ።

«አልጠየቅሁም፣ እትዬ።» አፈረ።

ትከሻቸውን እያሹ ተነሡ። ሊሄዱ ነው ብሎ ደነገጠ። እሳቸው ግን የታሸጉትን ካርቶኖች በእጃቸው አመለከቱ።

«ክፈታቸው።»

«ሁሉንም?»

«ታዲያ አይጡ መርጦ ነው የሚነክሰው?»

ከሰዓቱን ሙሉ ልብስ ሲያወጣ ዋለ። ኪሶቹን ቆርጠው ይጥሏቸዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሳቸው የያንዳንዷን አፍ በእጅ ይሰፉ ጀመር። ወገቡ ተቆረጠ። እሳቸው ቀና አላሉም፤ ሻዩ እንደተቀዳ ቀዘቀዘ።

መጨረሻ ላይ አንድ ሹራብ ሊያጥፍ ሲል ሻካራ ጥፍሩ ከኪሱ ጫፍ የወጣች ክር ያዘ። ለቀቅ ሊያደርጋት ሳብ ቢያደርግ ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ፤ ኪሱም አፉን ከፈተ። ሌላ አንሥቶ አየ። ሌላም። የሁሉም ክር ጫፉ አልተቋጠረም።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ አልያዘም።»

«ካልጎተቱት ይይዛል።»

«ልጅ አይደሉ? ይጎትቱታላ።»

«ክሩን አንድ ቀን ያገኙታል» አሉ በደከመ ድምፅ። «እስከዚያ ግን ዳቦ ነገም እንዳለ ይገባቸው ይሆናል። ያኔ ሌላ ነገር ያስቀምጡበታል።»

ሰብሳቢው ሹራቡን እንደያዘ ቆመ። ኃላፊዋ ብትጠይቀው ምን እንደሚላት አሰበ። ኪሱ ተዘግቷል ይላታል፤ ውሸት አይደለም። ሙሉ እውነትም እንዳልሆነ ያውቃል፤ የሚከራከርበት አቅም ግን አልቀረውም። ሹራቡን መልሶ ሰጣቸው። እንደገና ሰፉት፤ ጫፉን አሁንም አልቋጠሩትም።

ያን ጊዜ ነው፣ ከዚያ ሁሉ ቅዳሜ በኋላ፣ ሳያስበው ከአፉ ያመለጠው።

«እትዬ፣ እርስዎስ ልጅ ሳሉ ምን ነበር የሚደብቁት?»

እትዬ መርፌ ቀና ብለው አዩት። መርፌውን ኮሌታቸው ላይ ሰኩ፤ ቀዝቃዛውን ሻይ አንሥተው አንድ ጊዜ ተጎነጩ።

«እሱን ተወው፣ ወንድሜ» አሉ። «ካርቶኑን አምጣ።»