በሕዋ ላይ አዳላች ተባልኩ

አዳላች ተባልኩ። እንዲታወቅልኝ የምፈልገው በደል ይኸው ነው። የተባልኩት በጨዋታ ላይ ነው፣ ያውም ሕዋ ላይ። ቢሆንም የተነሳው የኔ ስም ነው።

ቀበሌ አንድ ለአምስት ተደራጁ እያለ በሚሰበስበን ዘመን ልጄ ሸዋሮቢት አስፋልቱ ዳር ኢንተርኔት ቤት ነበራት። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሲያስገባው ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ባዶ ግድግዳ ከማይ ብዬ ልጆቹ በኮምፒውተር የሚጫወቱትን የሕዋ ጨዋታ ለመድኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የጨዋታው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ ቁልፎቹን በቀለማቸው ያዝኳቸው።

ሌላው ሰው የጠፈር መርከብ እየነዳ ይዋጋል። የኔ መርከብ መሣሪያ የላትም፤ አዳኝ ሐኪም ነኝ። የተመታ ሰው ሲጠራ ካርታዬ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ አየሩ ሳያልቅበት ደርሼ፣ ወደ ውስጥ ስቤ አክመዋለሁ። የቡድናችን ልጆች ከደብረ ሲና እስከ ካራቆሬ ባሉት ከተሞች ሆነው የሚጫወቱ ናቸው፤ በጆሮ ማዳመጫ እንነጋገራለን። አለቃችን ደገኛ፣ የደብረ ሲና ጎረምሳ ነበር።

አንድ ቀን ሁለት ሰው ተመታ። መጀመሪያ የጠራችኝ ካራቆሬ ያለች ጀማሪ ልጅ ናት፤ ቀጥሎ አለቃው። ወደ ልጅቱ ሄድኩ። “አልሐምዱሊላህ፣ እትዬ ደረሱልኝ!” አለች። ወደሱ ስዞር አየሩ አልቋል፤ ስንት ወር የለፋበት ትልቅ መርከብ ጠፋ።

“ቀድሜ የጠራሁት እኔ ነኝ!” ብሎ ጮኸ። “ቆላ ለቆላ ተሳሳባችሁ! እትዬ አዳልተዋል!”

“ቀድማ የጠራችው እሷ ናት” አልኩት።

“ብትሆንስ? አለቃ ይቀድማል!”

“በኛ መንደር በሽተኛ በቃሬዛ ወደ አስፋልት ስናወርድ የማን ልጅ ነው አይባልም። ቀድሞ ወደጠራን ቤት እንሄዳለን። እስላሙም ክርስቲያኑም በተራ ይሸከማል። ሀብታም ቢታመም እንኳ የድሀውን ቃሬዛ አስቀምጡት አይልም።”

“እትዬ፣ ይሄ ጌም ነው እንጂ ቃሬዛ አይደለም!”

ሌሎቹ ሳቁ። ማን ቀድሞ እንደጠራ ሁሉም ሰምተዋል፤ አንድም የተነፈሰ የለም። ወዲያው አለቃው ከቡድኑ አስወጣኝ።

ልጄ “እማዬ፣ ተይው፤ ሌላ ቡድን ግቢ” አለችኝ።

“አዳላች ተብዬ የት ነው የምገባው?” አልኳት።

ከቡድን ያስወጣኝ፤ በሰማዩ ላይ ግን ማን ሾመው? የጥሪው መብራት ለማንም ሐኪም ይታያል። በየቀትሩ እየገባሁ ቀይ በበራበት ሁሉ እሄድ ነበር። የሳቁብኝንም ሲመቱ አነሳኋቸው። አንዱ “እትዬ፣ አለቃ እንዳያይዎት” ብሎ ሹክ አለኝ።

“ይየኛ!” አልኩት። “መደበቅ ያለብኝ እኔ ነኝ?”

አንድ ቀትር የራሱ የአለቃው መብራት በራ። ጓደኞቹ ርቀው ነበር። ሳየው ደሜ ፈላ፤ እጄ ግን መርከቧን አዙሮ ነበር። ስቤ አስገባሁት፣ አየር ሰጠሁት፣ ቁስሉን አከምኩ። እስኪድን ድረስ አንዲት ቃል አልጠየቅኩትም፤ በነፍሱ የተደራደርኩ እንዳይመስለው። ይህን ጊዜ ጓደኞቹም ደርሰው ነበር፤ መርከብ ለመርከብ የተጠጋ ሁሉ ስለሚሰማማ በማዳመጫው ያዳምጡናል።

“እትዬ፣ በቃ ወደ ቡድኑ ይመለሱ” አለ።

“መልሰኝ አላልኩህም። ያን ቀን ማን ነው ቀድሞ የጠራው?”

“ያለፈ ነገር አሁን ምን…”

“ለኔ አላለፈም። ስሜን ሰው ፊት አጥፍተህ በጓዳ ልትመልሰው ነው? ማን ቀደመ?”

ሁሉም እየሰሙት መለሰልኝ።

“እሷ ናት የቀደመችው። ስትጠራ ሰምቻታለሁ። አላዳሉም፣ እትዬ።”