ድርም ማግም የሌለው ልብስ

የዚያ ክረምት ነገር ሲታወሰኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የእርጥብ በግ ጠጉር ሽታ ነው። ጉና ጉሙን ተከናንቦ ሳምንት ሙሉ አይታይም፤ በረዶው የገብሱን ማሳ ይደበድበዋል፤ ሰውም ከብቱም ቤት ውስጥ ተጠጋግቶ አንዱ በሌላው ትንፋሽ ይሞቃል። ብርዱ ክፉ ነበር። እኔ ግን እንደዚያ ክረምት ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። አክስቴ ጥሩወርቅ ምድጃው ዳር ተቀምጣ በጃርት እሾህ ልብስ ትሠራ ነበር፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አያት ነበር።

ጥሩወርቅ የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴ ስትሞት ከአባቴ ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ነች። ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ባሏ ይርጋ ገበሬ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፁ የማይሰማ፣ ትከሻው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ሰው። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። የይርጋ እናት እሜቴ ውብዓለም አብረውን ይኖሩ ነበር፤ ቤቱም ርስቱም የእሳቸው ስለሆነ ቃላቸው አይታለፍም።

ያን ጊዜ ጋፋት ላይ ፈረንጆች ለንጉሡ ብረት ያቀልጡ ነበር። አክስቴ ወተትና እንቁላል ታቀብላቸዋለች። አንድ ቀን የአንዱን ፈረንጅ ሚስት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በቀጫጭን ብረቶች ክር ስትቆላልፍ አየቻት፤ የወተት ቅሏን እንዳዘለች እዚያው ቆማ ቀረች። ቋንቋ አይግባቡም። ሴትዮዋ ሥራውን እጇ ላይ አኖረችላትና ጣቷን በጣቷ ይዛ አንዲት ቀለበት በሌላይቱ ውስጥ ሳበች፤ ከዚያም ሌላ። «ከዚያ ወዲያማ እጄ እኔን መች ጠየቀኝ» ትል ነበር አክስቴ።

ብረቱን ከየት ታምጣው? ይርጋ ገብሱን ሲያጠፋበት የከረመ ጃርት ገድሎ ነበርና ቀጥ ቀጥ ያሉትን እሾሆች መርጦ፣ ጫፋቸውን ወፍጮው ላይ አሽቶ አደነዘዘላት። የበጎቻችንን ጠጉር ራሷ አጥባ ራሷ ፈተለች። መጀመሪያ የሠራችው ለራሷ የክንድ ማሞቂያ ነበር። አንድ አፉ ሰፊ፣ አንድ አፉ ጠባብ ሆኖ ወጣ። ይርጋ አገላብጦ አየውና የየትኛው ጋን መክደኛ እንደሆነ ጠየቃት። እሷ ግን ክረምቱን ሙሉ ከክንዷ አላወለቀችውም። ሰው ለራሱ በገዛ እጁ የሠራውን ሲለብስ እንዴት እንደሚሞቀው የሠራ ያውቀዋል።

ቀጥሎ ለእኔ ቆብ ሠራችልኝ፤ ጥቁሩ ከቦቃዋ በግ፣ ነጩ ከግልገሏ። ከዚያ ለይርጋ እጀ ጠባብ ጀመረች፤ ከአንገቱ ተነሥታ ወደ ታች ዙሪያውን እየዞረች። ስትሠራ ፊቷ ይለሰልሳል። የጠጉሩ ቅባት እጇን ቅቤ እንደተቀባ ያደርገዋል። ጣቷ ራሱ ስለሚያይላት ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ታወራኛለች፣ ትስቃለች፣ ልብሱ ደግሞ ሳናውቀው ጭኗ ላይ ያድጋል። ማሳ የዋለ ሰው የልብሱን ትከሻ ስትሠራ አጠገቧ የተቀመጠ ይመስላታል። «ይርጋ አሁን እዚህ ጋ ደርሷል» ትለኛለች፤ ብብቱ ድረስ ደርሳ እንደሆነ።

ሥራው የሚሰምርላት ግን በበዓል ቀን ነበር። በአዘቦት ቀን ወፍጮው አለ፣ ውኃው አለ፣ እንጨቱ አለ፣ ላሟ አለች። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም አይፈጭም፣ አይፈተልም፣ እንጨት አይፈለጥም። ስለ ጃርት እሾህ ግን የተናገረ የለም፤ ማን ያውቀዋልና። ስለዚህ ከቅዳሴ መልስ ምድጃው ዳር ትቀመጣለች፤ ቀኑ የእሷ ነው።

ወሬው የመጣው ከወንዝ ነው። በአገራችን ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ሽመና የወንድ ሥራ ነው፣ እሱም የሸማኔ ዘር ላለው። ሸማኔ ዓይኑ ይፈራል፤ ቡዳ ነው ይባላል። የሠራልንን ሸማ ለብሰን ቤተ ክርስቲያን እንስማለን፣ ልጆቻችንን ግን እንዳያያቸው እንሸሽጋለን። እንዲህ ነበርን። እንግዲህ ጎረቤታችን ፈንታነሽ ውኃ ወርዳ የይርጋ ሚስት ቤቷ ውስጥ ልብስ ትሠራለች ብላ አወራች። ወሬው ተመልሶ እሜቴ ውብዓለም ጆሮ ሲገባ የይርጋ ሚስት ከሸማኔ ዘር ናት ሆኖ ነበር።

እሜቴ ውብዓለም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምራታቸው እጅ እህል አልቀምስ አሉ። ልጅ ያላገኘችውም ለዚሁ ነው ብለው ጠረጠሩ። የነፍስ አባታችንን አባ ገብረየሱስን አስጠሩና ጎረቤት በተሰበሰበበት ተናገሩ።

«አባቴ፣ ልጄ ሸማኔ አላገባም። ወይ እሾሆቿን ታቃጥል፣ ወይ የአባቷን ቤት መንገድ አላጣችውም» አሉ።

አክስቴ መሬት መሬት ታያለች። አባቷ ሞቷል፤ ቤቱን የያዘው ወንድሟ ደግሞ አንድ ሰው የማይጠግብበት ደሃ ነው። ይርጋ ሚስቱንም እናቱንም ላለማየት በሩ ላይ አፍጥጧል። አባ ገብረየሱስ ያላለቀውን ልብስ ከነእሾሁ አነሡት፣ አገላበጡት፣ ጎትተው ለቀቁት። ሥራው ምን ተብሎ እንደሚጠራ ጠየቋት። ስም እንደሌለው ነገረቻቸው።

«ስም ከጠፋማ እኛ የይርጋ ዓሣ ማጥመጃ መረብ ብለነዋል» አለች ፈንታነሽ። ሰው ሣቀ።

ያኔ አክስቴ ተነሣች። ይርጋን ልበሰው አለችው፣ እጅጌ አልባውን ልብስ እንደምንም አጠለቀ። ከግርጌው እሾሆቹን አንድ በአንድ መዘዘቻቸው። እኔ ልጅ ብሆንም ምን ማድረጓ እንደሆነ ገባኝ፤ እሾሁ ከወጣ ቀለበቶቹን የሚይዛቸው የለም። የክሩን ጫፍ ለአማቷ ዘረጋችላቸው።

«እሜቴ፣ ይሳቡት። የደበቅሁት ነገር ካለ እርስዎ ራስዎ ያግኙት።»

እሜቴ ውብዓለም ክሩን በእጃቸው ላለመንካት በነጠላቸው ጫፍ ያዙት። ሳቡት። መጣ። ደግመው ሳቡት፤ እየተፍተለተለ መጣ። ትንሽ ቆይተው ነጠላውን ረሱትና በሁለት እጃቸው ይስቡ ጀመር። ክሩ ዙሪያውን ስለሚሄድ ይርጋ እንደ እንዝርት ይዞር ገባ፤ ሲቆምባቸው «ዙር እንጂ አንተ!» ይሉታል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ፈንታነሽ መሬት ወርዳ ትስቃለች። አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። እምብርቱ አለቀ፣ ደረቱ አለቀ፣ ብብቱ ጋ ደረሰ። ክረምቷ ነበር እየተተረተረ የነበረው። በመጨረሻ ይርጋ ባዶ ትከሻውን ቆሞ ቀረ፤ እናቱ እግር ሥር የተኮለኮለ ክር ብቻ።

እሜቴ ውብዓለም በክሩ ውስጥ እጃቸውን አግብተው ፈለጉ። ምንም የለም።

አባ ገብረየሱስ ጥቂት አሰቡና ፈረዱ። ሽመና ድር ይፈልጋል፣ ማግ ይፈልጋል፤ ይህ አንድ ክር ነው፣ ሲስቡትም ወደ ልቃቂቱ ይመለሳል። አንድ ክር ደግሞ ፈትል ነው፤ ፈትል የእናቶቻችን ሥራ ነው፤ በዚህች ልጅ ላይ ነውር የለም አሉ። ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረው፦

«ፈትል ከሆነ ግን በበዓል አይነካም። በበዓል ሠርተሻል ልጄ?» አሏት።

«ሠርቻለሁ አባቴ» አለች። «ሌላው ቀን የእኔ አይደለም።»

አባ ገብረየሱስ እግዜር ይፍታሽ አሏት፤ ስግደትም ሰጧት። በበዓል አይነካም ያሉትን ግን አላነሡም።

ቤቷ ተረፈላት፣ ቀኗ ተወሰደባት። ልቃቂቱን አቅፋ ጓዳ ገባች፤ ለጥቂት ቀን እሾሆቹን አልነካችም። ኋላ ያገኘችው ዘዴ መንገድ ነው። ሴት እየሄደች ትፈትል የለም? እሷም ወደ ጋፋት ስትሄድ ወተቱን አዝላ፣ ልቃቂቱን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ እየተራመደች ትሠራ ጀመር። ዳገቱ ላይ እጇ ይፈጥናል፣ ቁልቁለቱ ላይ እግሯን ታያለች። ደረቱን የሠራችው በመንገድ ነው፤ እጅጌው ላይ ስትደርስ ሌላ ክረምት ገባ። እሜቴ ውብዓለምም ከዚያ ቀን ወዲህ ክር መጠቅለሉን ለማንም አልሰጥ አሉ። ሲጠቀልሉ፣ እሳቸውን የሚቆረጥማቸው እግራቸው እንደሆነ፣ ለእግር ደግሞ ብዙ ክር እንደማይፈጅ፣ ለማንም ሳይሆን ለምድጃው ይነግሩታል። አክስቴ የአንድ እግራቸውን ልክ በስንጥር ወሰደች።

በሺ ስምንት መቶ ሥልሳ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ንጉሡ መድፋቸውን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ ይርጋ ለጋሪው ጎታችነት ተያዘ። እጀ ጠባቡን ለብሶ ሄደ። አክስቴ ስንቅ ቋጥራ ልትከተለው ተነሥታ ነበር፤ የዘማች ሚስት ወግ ነውና። ግን እሜቴ ውብዓለም በዚያ ሰሞን ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ መራመድ ተስኗቸው ነበር። ከተማው ተቃጥሎ አገሩም ተፈታ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እየጫነ ሄደ። ባል ሳይኖር ምራት አማቷን ትታ ብትሄድ የሚወቅሳት አልነበረም፤ ወንድሟም ነይ ብሎ ልኮባታል። እሷ አልሄደችም።

እኔን አባቴ መጥቶ ወሰደኝ። አክስቴ አማቷን በተውሶ በቅሎ ጭና ለጉልበታቸው ፍል ውኃ ይሻላል ብላ ቁልቁል ወደ ወንዛዬ ወረደች። ከይርጋ ወሬ አልመጣም። በዓመቱ ፈንታነሽ ለጠበል ወርዳ አይታቸዋለች፤ ጎጆ ቀልሰው፣ ለሚታጠቡት እንግዶች ቆሎ እየቆሉ ይኖሩ ነበር አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያያት ሰው አላገኘሁም። ጥሩወርቅ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው ወንዛዬ ነው፤ ከእሜቴ ውብዓለም ጋር፣ ከፍል ውኃው በላይ ባለው ዳገት።